ጋቲ በግማሽ ቀን ሲጎለብት ሳጋር ለምን ሳይጎለብት ቀረ? የኤደን ባሕረ ሰላጤና የአረብ ባሕር አውሎ ነፋሶች

አድማስ_ሐረር

ሰላም ለሁላችሁም። ከሳይክሎን መግለጫዎች ጋር ለማመሳከር እንዲቀል ዓመታቱንና ወራቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሳጋር በሜይ 2018 የኤደን ባሕረ ሰላጤን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ ሜይ 19 ቀን ሉግሃያ አካባቢ ሶማሌላንድ ገባ። ከፍተኛው ነፋሱ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ጋቲ ደግሞ ኖቬምበር 22 ቀን 2020 ሐፉን አጠገብ ሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያን መታ። ከመለስተኛ አውሎነት ተነሥቶ በግማሽ ቀን ገደማ ውስጥ፣ ሶማሊያን ከመቱት የተመዘገቡ ሳይክሎኖች ሁሉ ብርቱው ሆነ። ሁለቱም የተነሡት ሞቃት ባሕር ላይ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ጁላይና ኦገስት ላይስ ለምን በዚያ ባሕር ሳይክሎን አናይም? ለምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚያሰጋውስ የትኛው ዓይነት ነው? የምታውቁ ቁጥር እየጠራችሁ ብታስረዱን።

ደመና_ቆጣሪ

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ከአነሳሳቸው መጀመር አለበት።

የባሕሩ ሙቀት 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት ይባላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ሙቀቱ ግን በላይኛው ገጽ ብቻ መሆኑ አይበቃም፤ እስከ 50 ሜትር ገደማ መዝለቅ ይኖርበታል። ምክንያቱም ብርቱ ነፋስ ባሕሩን ያማስለዋል፤ ሲያማስለው ከታች ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ላይ ይወጣል። ሞቃቱ ንብርብር ስስ ከሆነ አውሎው የቆመበትን ባሕር ራሱ ያቀዘቅዝና ምግቡን ያጣል። ስለዚህ ባለሙያዎች የሚያዩት የገጹን ሙቀት የሚያሳየውን ካርታ ብቻ አይደለም፤ ከ26 ዲግሪ በላይ የሆነው ውኃ በጠቅላላው የያዘውን ሙቀትም ይመለከታሉ። ይህ መጠን በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ50 ኪሎ ጁል ሲያልፍ ለመጎልበት ምቹ ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ከባሕሩ ቀጥሎ አየሩ ነው። እስከ 5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ እርጥብ ካልሆነ አውሎው አይገነባም። ደረቅ አየር ደመናው ውስጥ ሲገባ የሚወርደው ዝናብ መንገድ ላይ ይተናል። ትነቱ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ያ ቁልቁል የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ነጎድጓዱን የሚመግበውን ሞቃትና እርጥብ አየር ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። በእኛ አካባቢ አውሎዎችን በብዛት የሚገድለው ይህ ነው።

ከምድር ወገብ ያለው ርቀትም ወሳኝ ነው። አየር ወደ ዝቅተኛ ግፊት ሲፈስ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የምድር መዞር ነው፤ ይህ ተጽዕኖ በምድር ወገብ ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 5 ዲግሪ፣ ማለትም 550 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ከዚህ ወጣ ያለ አለ፦ በዲሴምበር 2001 ቫሜይ የተባለው ከምድር ወገብ 1.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲንጋፖር አጠገብ ተነሥቷል። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከ10 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለበትም።

ሳይክሎን ከባዶ ሰማይም አይፈጠርም፤ ቀድሞ የነበረ የነጎድጓድ ስብስብ ወይም ደካማ ዝቅተኛ ግፊት መነሻ ይሆነዋል።

የመጨረሻው ዊንድ ሺር የሚባለው ነው፤ በታችኛውና በላይኛው ነፋስ መካከል ያለ የፍጥነትና የአቅጣጫ ልዩነት። በ1.5 ኪሎ ሜትርና በ12 ኪሎ ሜትር ከፍታ መካከል ያለው ልዩነት በሰከንድ ከ10 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከበለጠ የአውሎው ምሰሶ ይዘማል፤ ላይኛው ሙቀት ከታችኛው ሽክርክሪት በላይ መሆኑ ይቀርና ሁለቱ ይለያያሉ።

ሰብለ_ጂኦግራፊ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለተማሪዎች እንዲገባቸው፣ ውኃው ተኖ ወደ ላይ መውጣቱ እንዴት ነፋስ ይሆናል?

ደመና_ቆጣሪ

እኅቴ፣ አንድ ኪሎ የባሕር ውኃ ለመትነን 2.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ያ ሙቀት አይጠፋም፤ እንፋሎቱ ውስጥ ተደብቆ ወደ ላይ ይወጣል። እንፋሎቱ ከፍ ብሎ ወደ ውኃ ጠብታ ሲመለስ ሙቀቱን ይለቃል። የምጣድ አክምባሎ ሲነሣ የሚወጣው እንፋሎት እጅ ላይ ሲያርፍ የሚያቃጥለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቆዳ ላይ ወደ ውኃ ሲለወጥ የያዘውን ይለቃል።

አውሎው መሐል ላይ የተለቀቀው ሙቀት ላይኛውን አየር ከአካባቢው ያሞቀዋል፤ በብርቱ አውሎ ልዩነቱ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ባሕሩ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ ከዙሪያው አየር በፍጥነት ይገባል። ፈጣን ነፋስ ደግሞ ከባሕሩ ብዙ ያተናል። ብዙ ትነት፣ ብዙ ሙቀት፣ ዝቅ ያለ ግፊት፣ የባሰ ነፋስ፤ ዑደቱ እየተጠናከረ ይሄዳል። ኬሪ ኢማኑኤል በ1986 ይህን እንደ ሙቀት ሞተር አስልቶ አቅርቦታል፤ ከታች ሞቃት ባሕር፣ ከላይ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሆነ ቀዝቃዛ አየር።

ተማሪዎች የሚረሱት የላይኛውን መውጫ ነው። ከታች የገባው አየር ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ውጭ መበተን አለበት። መውጫው ከተዘጋ መሐል ላይ አየር ይከማችና ግፊቱ መውረዱን ያቆማል። በሳተላይት ላይ ስስ ነጭ ደመና ከመሐል ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደ ጭረት ሲዘረጋ ካያችሁ መውጫው ክፍት ነው ማለት ነው።

ዓይኑ የሚከፈተው ሽክርክሪቱ በርትቶ አየሩ ወደ መሐሉ ነጥብ መድረስ ሲያቅተው ነው። አየሩ ዙሪያውን ቆሞ ሽቅብ ይወጣል፤ ይህ የዓይኑ ግድግዳ ነው፤ ብርቱው ነፋስም ዝናብም እዚያ ነው። መሐሉ ላይ አየር ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲወርድ ይሞቃል፤ ደመናው ይበተናል። የተለመደው ዓይን ከ30 እስከ 65 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው።

ወጀብ_77

ሙቀት ነው ዋናው ካላችሁ ቀይ ባሕር በክረምታችን ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ሳይክሎን ግን አያፈራም። የፋርስ ባሕረ ሰላጤም እንደዚያው ነው።

ነፋስ_መውጫ

ሙቀት ዋናው ነው አልተባለም፤ አንደኛው ነው እንጂ። ቀይ ባሕር ጠባብ ነው፤ ሰፊው ቦታ እንኳ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይክሎን አየር የሚስበው ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ስለሆነ እዚያ የሚስበው የበረሃ አየር ይሆናል። በላዩ ላይ ደግሞ ያ ሰማይ በበጋውም በክረምቱም አየር ቁልቁል የሚወርድበት ነው፤ ቁልቁል የሚወርድ አየር ይደርቃል፤ ነጎድጓድ አያስነሣም።

የአድማስ ጥያቄ መልስ እዚሁ ውስጥ አለ። የኤደን ባሕረ ሰላጤ በሜይ 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሳጋር ያለፈበት ውኃ ጋቲ ከጎለበተበት ይሞቃል። ጋቲ የነበረበት የሶማሊያ ምሥራቅ ባሕር በኖቬምበር ከ27 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ብርቱ የሆነው ግን ጋቲ ነው። ሳጋር ግራና ቀኙ መሬት ነበር። ሰሜኑ የየመን በረሃና ተራራ፣ ደቡቡ የሶማሌላንድ ደረቅ ጠረፍና የጎሊስ ተራሮች። ክንፉ በሁለቱም በኩል ደረቅ አየር እየሳበ ነው የሄደው። ቻፓላም በ2015 እንዲሁ ነበር፦ ሰፊው የአረብ ባሕር ላይ በሰዓት 215 ኪሎ ሜትር ደርሶ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲጠጋ ደረቅ አየር ገባበትና ኖቬምበር 3 ቀን ሙካላ አጠገብ የመን ሲገባ እጅግ ተዳክሞ ነበር።

የሳላላ_ሰው

ለጁላይና ኦገስት ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ እነዚያ ወራት እዚህ ሳላላ፣ ደቡብ ኦማን፣ ኸሪፍ የምንለው የዝናብ ወቅት ናቸው።

በእነዚያ ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ሞንሱን የሚባለው ወቅታዊ ነፋስ በሶማሊያ ጠረፍ በኩል በታችኛው ከፍታ በጣም ይፈጥናል። ከላይ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ደግሞ ነፋሱ በተቃራኒው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ሁለቱ ሲደመሩ ሺሩ ለማንኛውም ሳይክሎን ከአቅም በላይ ነው። ያው ነፋስ የጠረፉን ውኃ ወደ መሐል ባሕር ስለሚገፋ ከጥልቅ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። በዚያ ወቅት የሶማሊያና የደቡብ ኦማን ጠረፍ ውኃ ሳይክሎን ከሚፈልገው 26.5 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ የአረብ ባሕር ሁለት ወቅት አለው፦ ሞንሱን ከመግባቱ በፊት፣ በዋናነት ሜይና ጁን፤ ከወጣ በኋላ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር። ጎኑ በጁን 2007፣ መኩኑ በሜይ 2018፣ ሉባን በኦክቶበር 2018፣ ሻሂን በኦክቶበር 2021፣ ቴጅ በኦክቶበር 2023፤ ሁሉም በእነዚህ ሁለት መስኮቶች ነው የመጡት።

አድማስ_ሐረር

ሳጋር ለምን እንዳልጎለበተ ገባኝ። ጋቲ ግን በግማሽ ቀን እንዴት ያን ያህል ሄደ?

ነፋስ_መውጫ

በ24 ሰዓት ውስጥ የነፋሱ ፍጥነት በ30 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ከጨመረ ፈጣን መጎልበት ይባላል። ጋቲ ከዚያ እጅግ በላይ ነው የሄደው። ለእኔ ዋናው ምክንያት ትንሽነቱ ነው። ትንሽ አውሎ የሚያንቀሳቅሰው አየር ትንሽ ስለሆነ ነገሮች ሲመቹለት በሰዓታት ውስጥ ይጎለብታል፤ ሲከፉበት ደግሞ በሰዓታት ይፈርሳል። ትልቁ አውሎ ቀስ ይላል፤ ቶሎም አይሞትም። ጋቲ ትንሽ፣ ሺሩ ዝቅ ያለ፣ መሐሉ እርጥብ ነበር። መሬት ሲነካና ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲወጣ ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ፈረሰ።

ሞዴሎችም የሳቱት ለዚሁ ነው። ብዙ የምንጠቀምባቸው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ትንበያ ሞዴሎች የሚያዩት በ9 ወይም በ13 ኪሎ ሜትር ካሬ ነው። የዓይኑ ስፋት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ግድግዳው በሁለት ሦስት ካሬ ውስጥ ይጠፋል፤ ሞዴሉ ግፊቱ እንዲያ መውረድ እንደሚችል አያይም። ትንሽ ዓይን ያለው አውሎ መሬት አቅራቢያ ሲነሣ የሞዴሉን ነፋስ ሳይሆን ሳተላይቱን አምናለሁ። ሜክሲኮ አካፑልኮን በኦክቶበር 2023 የመታው ኦቲስ ተመሳሳይ ነው፦ ከአንድ ቀን በማይበልጥ ጊዜ ከመለስተኛ አውሎ ወደ መጨረሻው ብርቱ ደረጃ፣ ምድብ 5፣ ሄደ፤ ከተማው ሊዘጋጅ ጊዜ አላገኘም።

ወጀብ_77

የጋቲ ከፍተኛ ነፋስ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ነው። አንዳንድ ቦታ 140 ተብሎ ተጽፏል፤ ስሕተት ነው።

ደመና_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ሁለቱም በይፋ የተሰጡ ቁጥሮች ናቸው። 185 የአሜሪካ ጦር የጋራ የታይፉን ማስጠንቀቂያ ማዕከል ግምት ነው፤ የ1 ደቂቃ አማካይ። 140 የሕንድ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የኒው ዴልሂ ማዕከል ነው፤ የ3 ደቂቃ አማካይ። ለሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ኃላፊነት የተሰጠው ኒው ዴልሂ ነው። ስም የሚያወጣውም እሱ ነው፤ የ2020ው ዝርዝር ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 169 ስሞች አሉት፤ ጋቲ ከዚያ ውስጥ ሕንድ ያቀረበችው ነው።

የአማካይ ደቂቃው ልዩነት ግን 45 ኪሎ ሜትር አያመጣም፤ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ልዩነት ከምስል አነባበብ ነው የመጣው። በአረብ ባሕር ላይ ወደ አውሎው መሐል የሚገባ የመለኪያ አውሮፕላን የለም። ባለሙያው የሳተላይት ምስል አይቶ በድቮራክ ዘዴ ደረጃ ይሰጣል፦ ከ1 እስከ 8 ባለው ቲ ቁጥር። ቲ 2.5 ማለት 35 ኖት፣ ቲ 4 ማለት 65፣ ቲ 5 ማለት 90፣ ቲ 7 ማለት 140 ኖት ነው። አነባበቡ እንዲህ ነው፦ ዋናው የደመና ቀለበት መሐሉን ግማሽ ያህል ከከበበ ቲ 2.5፣ ሙሉ ዙር ሲጠጋ ቲ 3.5። ዓይን ከተከፈተ ደግሞ የዓይኑን ሙቀትና በዙሪያው ያለውን የደመና ጫፍ ቅዝቃዜ በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ሙቀትን በሚያሳይ ምስል ታነጻጽራለህ። ዓይኑ በሞቀና ቀለበቱ በቀዘቀዘ ቁጥር አውሎው ብርቱ ነው። የጋቲ ዓይነት ትንሽ ዓይን ላይ ግን አንዱ የምስል ነጥብ ዓይኑንም ግድግዳውንም ቀላቅሎ ይይዛል፤ ዓይኑ ከእውነቱ ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል፤ ግምቱም ዝቅ ይላል።

ለዚህ መፍትሔው የማይክሮዌቭ ምስል ነው። በ89 ጊጋ ኸርዝ የሚያየው ላይኛውን ስስ ደመና አልፎ ግድግዳውን ያሳያል። በ37 ጊጋ ኸርዝ ምስል ላይ መሐሉን ሙሉ ለሙሉ የከበበ ቀለበት ካየህ፣ በኢንፍራሬድ ምስል ዓይን ባይታይም ፈጣን መጎልበት ሊከተል ይችላል። ችግሩ እነዚህ ሳተላይቶች ምድርን ከዋልታ ወደ ዋልታ ስለሚዞሩ አንድ ቦታ ላይ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፉት።

ወጀብ_77

እሺ፣ ተቀብያለሁ። ሁለቱን ቁጥሮች ሲጠቅስ ሰው የማን እንደሆነ ቢጽፍ ጥሩ ነው።

ሰብለ_ጂኦግራፊ

አዳካሚ ነገሮችን ብትዘረዝሩልኝ። መሬት ሲነካ ብቻ ነው የሚሞተው?

የሳላላ_ሰው

አይደለም። መሬት ዋነኛው ነው፤ ምግቡ የሆነው ትነት ይቋረጣል፤ ሻካራው መሬት ደግሞ ታችኛውን ነፋስ ይይዘዋል። ሜዳ መሬት ላይ ነፋሱ በግማሽ ቀን ገደማ ውስጥ በግማሽ ይወርዳል፤ ተራራ ካለ ከዚያም ይፈጥናል። ግን ነፋሱ ሲሞት ዝናቡ አብሮ አይሞትም፤ እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። ያ ሁሉ እርጥበት ገና ሰማይ ላይ ነው። ተራራ ሲመታ ሽቅብ ይወጣና እዚያው ይወርዳል። መኩኑ ሜይ 25 ቀን 2018 ሳላላ አጠገብ ሲገባ በ24 ሰዓት 278 ሚሊ ሜትር ጥሏል፤ የከተማው የብዙ ዓመት አማካይ የሙሉ ዓመቱ ዝናብ የዚህ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ደረቁ ወንዝ፣ ዋዲ የምንለው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል፤ መኪና የሚወስደው የመጀመሪያው ጎርፍ ነው እንጂ የባሕሩ ማዕበል አይደለም።

ባሕር ላይ ደግሞ አንድ ቦታ የሚቆም አውሎ ራሱን ያዳክማል፤ ባሕሩን አማስሎ ያቀዘቅዘዋል። ከኋላው የሚተወው መስመር ከ1 እስከ 6 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ቀጥሎ የሚመጣ አውሎ በዚያ መስመር ላይ ቢያልፍ ይጎዳል። ብርቱ አውሎዎች ደግሞ አንዳንዴ ከውስጠኛው ግድግዳ ውጭ ሁለተኛ ቀለበት ያበቅላሉ። ውጨኛው እርጥበቱን ይቀማና ውስጠኛው ይሞታል፤ በዚህ ጊዜ ከፍተኛው ነፋስ ይቀንሳል፤ ነፋሱ የሚሸፍነው ስፋት ግን ይጨምራል። በአንድ ቀን ውስጥ አዲሱ ቀለበት ሊጠብና እንደገና ሊጎለብት ይችላል። እንዲህ ሲሆን አደጋው ቀነሰ ብሎ መግለጫ ማውጣት ትልቅ ስሕተት ነው።

ወጀብ_77

በኒውክሌር ቦምብ ለመበተን ይቻላል የሚሉ አሉ። ወይም ኬሚካል በመርጨት።

ደመና_ቆጣሪ

አሜሪካኖች ከ1962 እስከ 1983 በስቶርምፈሪ ፕሮጀክት በአራት አውሎዎች ላይ ሲልቨር አዮዳይድ ረጭተው ሞክረዋል። ሐሳቡ ውጨኛ ግድግዳ አስነሥቶ ውስጠኛውን ማዳከም ነበር። ኋላ ግን ያ ለውጥ ሳይረጭም በተፈጥሮ እንደሚሆን ታወቀ፤ ለመርጨቱ የሚያስፈልገው ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ያልረጋ ውኃም ደመናው ውስጥ በቂ አልነበረም። ፕሮጀክቱ ተዘጋ።

ስለ ቦምቡ አንድ ስሌት ላሳይህ። 100 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ በአንድ ቀን በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ነው። ይህ ሁሉ ወደ ውኃነት ሲለወጥ የለቀቀው ሙቀት በሴኮንድ ሲካፈል 90 ሚሊዮን ሜጋ ዋት ገደማ ይመጣል። የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ከ17 ሺህ እጥፍ በላይ። ይህን የሚያህል ኃይል በየሰከንዱ እየተሞላ ባለ ነገር ላይ አንድ ፍንዳታ ምንም አይለውጥም፤ ጨረሩን ግን ነፋሱ በየአገሩ ያዳርሰዋል።

በልግ_ጠባቂ

ስለ ኢትዮጵያ የተጠየቀውን ልመልስ፤ በእኔ አስተያየት ሳይክሎን እኛን የሚነካው በአብዛኛው በሩቅ ሆኖ ነው።

በቀጥታ የሚመጣው የሳጋር ዓይነት ነው። ነፋሱ ጠረፍ ላይ ይሞታል፤ ዝናቡ ግን በሶማሌላንድና በጅቡቲ አልፎ ሶማሌ ክልል ድረስ ይገባል፤ በ2018ም ምሥራቁ ጎርፍ አይቷል። እዚህ ላይ የነፋስ ምድብ ብዙም አይረዳም። የ85 ኪሎ ሜትሩ ሳጋር ወደ ምዕራብ ርቆ ስለገባ፣ ለእኛ ከ185ቱ ጋቲ ይበልጥ የሚያሰጋ ነበር። መታየት ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ የት ገባ፣ በምን ፍጥነት ይሄዳል፣ ምን ያህል እርጥበት ይዟል። በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች የሚንቀሳቀስ ከሆነ አንድ ተፋሰስ ላይ ቆሞ ያዘንባል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የማዳጋስካርና የሞዛምቢክ አውሎዎች ናቸው። ወቅታቸው ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ስለሆነ ከበልጋችን ጋር ይጋጠማል። ማርች ላይ በሞዛምቢክ ሰርጥ ብርቱ አውሎ ሲቆም ወደ እኛ ሊመጣ የሚችለውን የሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ወደ ራሱ ይስባል፤ የዝናብ ቀበቶውም ወደ ሰሜን መምጣቱ ይዘገያል። ኢዳይ በማርች 2019 ቤይራን ሲመታ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ ዘግይቷል። ሁልጊዜ ግን እንዲያ አይደለም። በማርች 2018 ዱማዚሌና ኤሊያኪም ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ሲያልፉ ከኮንጎ በኩል እርጥብ ነፋስ ወደ ምሥራቅ ተሳበ፤ ኬንያና አካባቢዋ ከመደበኛ በላይ ዘነበባቸው። ስለዚህ አውሎ መኖሩ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ከማዳጋስካር ምሥራቅ ነው ወይስ ምዕራብ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የበልግ ዘር ለመዝራት የሚጠብቅ ገበሬ ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የ10 ቀን ትንበያ ሲሰማ፣ ያ ትንበያ በማርች ድንገት ሲቀየር አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

የሳላላ_ሰው

ሦስተኛ መንገድ ልጨምር፤ አንበጣው። መኩኑና ሉባን በ2018 ሩብ ኧል ኻሊ በሚባለው የደቡብ ዓረቢያ በረሃ ላይ ሐይቅ ሠሩ። አሸዋው ርሶ ቡቃያ በቀለበት፤ ማንም በማያይበት ቦታ የበረሃ አንበጣ ሦስት ትውልድ ተራባ። የምግብና እርሻ ድርጅት ግምት በዘጠኝ ወር ውስጥ ቁጥሩ 8,000 ጊዜ ጨመረ ይላል። ከዚያ ወደ የመን፣ በ2019 ክረምት ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያና ሶማሊያ። በዲሴምበር 2019 ፓዋን ሶማሊያ ላይ ሲዘንብ መራቢያውን አደሰለት። የኦማን አውሎ የሐረርጌን ማሽላ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው የበላው። ከዚህ የተማርነው ነገር ቢኖር፣ በረሃ ላይ የዘነበ ሳይክሎን ካለ ከስድስት ሳምንት ጀምሮ የአንበጣ አሰሳ ቡድን እዚያ መድረስ እንዳለበት ነው። አንድ ትውልድ ለማደግ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ክንፍ ሳያወጣ ኩብኩባ እያለ መርጨት ነው የሚያዋጣው።

ቨርጂኒያ_ያለሁ

ከአሜሪካ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የሚመቱን ሀሪኬኖች (በአትላንቲክ ሳይክሎን የሚጠራበት ስም ነው) ብዙዎቹ መነሻቸው በእኛው ተራሮች በኩል ነው። በክረምት፣ ከሰሐራ ሙቀትና ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ቅዝቃዜ ልዩነት የተነሣ፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ፈጣን የነፋስ መስመር ይፈጠራል። በኢትዮጵያ ደጋና በዳርፉር ተራሮች ላይ የሚነሡ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዶች ይህን መስመር ያወዛውዙታል፤ ማዕበሉ በየ3 እስከ 5 ቀኑ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። በሰከንድ ከ7 እስከ 8 ሜትር ስለሚጓዝ ከእኛ ተነሥቶ ሴኔጋል ጠረፍ ለመድረስ 10 ቀን ገደማ ይወስዳል። በአትላንቲክ ምድብ 3ና ከዚያ በላይ ከሚሆኑት ሀሪኬኖች 85 በመቶ ያህሉ ከእነዚህ ማዕበሎች ነው የሚወለዱት። አብዛኛው ማዕበል ግን ምንም ሳይሆን ያልፋል፤ የሰሐራ ደረቅ አቧራማ አየር መንገድ ላይ ያደርቀዋል፤ ያው ቀደም ብላችሁ የነገራችሁን ደረቅ አየር ማለት ነው።

አድማስ_ሐረር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በኦክቶበር አንድ ዝቅተኛ ግፊት በሶኮትራ ደሴት አጠገብ ቢታይ፣ ጅግጅጋ ወይም ጅቡቲ ያለ ሰው መግለጫውን እንዴት ይከታተል?

ነፋስ_መውጫ

የኒው ዴልሂውን መግለጫ ያዝ። ሳይክሎን ደረጃ ሲደርስ በየ3 ሰዓቱ ይወጣል። ሰዓቱ የግሪንዊች ነው፤ 3 ሰዓት ጨምርበት። 03 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ደረጃዎቹ፦ ከ31 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ዲፕሬሽን፣ እስከ 62 ጥልቅ ዲፕሬሽን፣ ከ63 ጀምሮ ሳይክሎን ተብሎ ስም ያገኛል። ከ118 ጀምሮ በጣም ብርቱ፣ ከ222 ጀምሮ ሱፐር ሳይክሎን። ከዚያ በየ15 ደቂቃው የሚታደሰውን የሜቴኦሳት ሳተላይት ምስል እይ፤ ደመናው ከሽክርክሪቱ መሐል ወደ አንድ ጎን ከተገፋ ሺር አለበት፤ መሐሉን ከሸፈነው ተጠንቀቅ።

የመሐሉን መስመር ብቻ አትከተል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ አውሎው ወደሚሄድበት ፊትህን ብታዞር በስተቀኝህ ያለው ጎን ይብሳል፤ የአውሎው የራሱ ጉዞ በነፋሱ ላይ ይደመራል። ሳጋር ወደ ምዕራብ ሲሄድ ቀኙ የመን ነበር። ነፋሱ በተቃራኒ ሰዓት ስለሚዞር ከፊቱ ያለችው ጅቡቲ መጀመሪያ የሚነፍስባት ከሰሜን ነው፤ ከባሕር እርጥበቱን ወደ ተራራው የሚገፋው ያ ነው። የዝናቡ ትንበያ ለተራራው ተዳፋት 100 ሚሊ ሜትር ካለ፣ ዋዲው ውስጥ ያሉትን ከብቶችና ድንኳኖች ደመናው ሳይደርስ ቀድሞ ማስነሣት ነው፤ ጎርፉ ዝናብ ባልወረደበት ሜዳ ላይም ይደርሳል።

አድማስ_ሐረር

ከፍታው ስንት ሜትር ላይ ቢሆን በቂ ነው?

በልግ_ጠባቂ

ቁጥር አትፈልግ፤ ምልክቱን እይ። የዋዲው ዳር ላይ የቆየ ጎርፍ ያመጣው እንጨትና ደረቅ ሣር ግራር ላይ ተጠምጥሞ የቀረበት ከፍታ አለ። ከዚያ በላይ ውጡ፤ ከሁለቱም ዳር ደግሞ መንገዱ ያለበትን ዳር ምረጡ፤ ውኃው ለአንድ ሁለት ቀን መሻገሪያውን ሊዘጋ ይችላል።